የዓለም ገበያ ሲናወጥ የቤታችን ጥሪት ምን ይሆናል?

በዜና ሰዓት «በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ዋጋ አሽቆለቆለ» የሚል ወሬ ሲሰማ አብዛኞቻችን ጆሮ አንሰጠውም። አክሲዮን የለን፣ ዶላር የለን፤ የሰው አገር ገበያ ቢወድቅ ቢነሣ እኛን ምን አገባን እንላለን። ይሁን እንጂ ከጥቂት ወራት በኋላ የዘይቱ ዋጋ ሲጨምር፣ አሜሪካ ያለው ወንድም «በዚህ ወር አልተመቸኝም» ሲል፣ የፋብሪካው ኃላፊ ሠራተኛውን ሰብስቦ «ለጊዜው ዕረፍት ውጡ» ሲል፣ ያ የሩቅ ወሬ ቤታችን ገብቶ ተቀምጧል ማለት ነው። ያን ጊዜ ባልና ሚስት ማታ የሚነጋገሩት ስለ ኒው ዮርክ አይደለም። ስለ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ስለ ቤት ኪራይና «ያን ቦታ እንሽጠው ይሆን?» ስለሚለው ከባድ ጥያቄ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን አብረን እንመለከታለን። የዓለም ቀውስ በየትኛው መንገድ ሐዋሳ ይደርሳል? ቀውስ ሲመጣ ገበያዎችና ሀብቶች ምን ዓይነት ጠባይ ያሳያሉ? ባለትዳሮችስ ከወዲሁ ምን ሊያደርጉ ይችላሉ? ጉዳዩ የባለጸጎች ብቻ እንዳይመስለን። በባንክ ያለች ጥቂት ገንዘብ፣ በጓሮ የተሠሩ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች፣ የዕቁብ ዕጣ፣ የወላጆች የቡና ማሳ፣ ከዓመታት በፊት የተገዛ የባንክ አክሲዮን፣ ይህ ሁሉ ሲደመር የአንድ ቤተሰብ ጥሪት ነው። የገንዘብ ባለሙያዎች «ፖርትፎሊዮ» የሚሉት ይህንኑ ነው። አንድ ሰው ያለውን ሀብት ሁሉ በአንድነት ሲያየው ማለት ነው።

ቀውሱ የሚገባባቸው አራት በሮች

የመጀመሪያው በር ቡና ነው። በአለታ ወንዶ ወይም በይርጋለም አካባቢ ያለ ገበሬ ለእሸት ቡናው የሚከፈለው ዋጋ በአብዛኛው የሚወሰነው በዓለም ገበያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ አንድ ፓውንድ ቡና፣ ይኸውም ግማሽ ኪሎ የማይሞላ መጠን፣ በኒው ዮርክ ገበያ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። አምራችና ገዢ አገሮች የተስማሙበት የኮታ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1989 ፈርሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቬትናምና ብራዚል ብዙ ቡና ለገበያ አቀረቡ። የሲዳማ ገበሬ ያጠፋው ጥፋት አልነበረም። ሆኖም የልጁን ደብተር መግዛት ያቃተው እርሱ ነው። ገበሬው እጅ ሲያጥረው ደግሞ በሐዋሳ ከተማ ጨርቅ፣ ቆርቆሮና ስኳር የሚሸጠው ነጋዴም ገበያው ይቀዘቅዛል።

ሁለተኛው በር ፋብሪካ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙ ወጣቶች፣ በተለይም ከገጠር የመጡ ሴቶች፣ ሥራ አገኙ። የሚሰፉት ልብስ የሚሸጠው ግን በአሜሪካና በአውሮፓ ነው። የኮሮና ወረርሽኝ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. አገራችን ሲገባ በዚያ ያሉ የልብስ መደብሮች በራቸውን ዘጉ፣ ያዘዙትንም ልብስ ሰረዙ። ያን ጊዜ ብዙ ሠራተኞች በግዴታ ዕረፍት ቤታቸው ተቀመጡ። ከዚያም በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ተነሣ። ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ በኅዳር 2014 ዓ.ም. በፓርኩ ያለውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል አገደች።

ሦስተኛው በር ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2009 በአሜሪካ ሥራ ፈላጊው ከመቶ 10 ደርሶ ነበር። ሥራ ያጣ ወንድም ለእናቱ የሚልከውን ቢቀንስ ፍቅሩ ስለ ቀነሰ አይደለም። እርሱም የቤት ዕዳ አለበት፣ ለጡረታው ያስቀመጠው ገንዘብም በአክሲዮን ገበያ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

አራተኛው በር የዋጋ ንረትና የምንዛሪ ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የዓለም የእህልና የነዳጅ ዋጋ እጅግ ናረ። በአገራችንም የራሳችን ምክንያቶች ተጨምረውበት የዓመቱ የዋጋ ንረት በሐምሌ 2000 ዓ.ም. 64 በመቶ ገደማ ደረሰ። በ2014 ዓ.ም. ሩሲያና ዩክሬን ጦርነት ሲገጥሙ የስንዴ፣ የነዳጅና የማዳበሪያ ዋጋ እንደ ገና ወደ ላይ ወጣ። የብራችን ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

እንግዲህ አክሲዮን የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ የሐዋሳ ቤተሰብም ቢሆን ከዓለም ገበያ ጋር በአራት ገመድ ታስሯል።

ገበያ ሲደነግጥ ምን ያደርጋል?

እስቲ ለጥቂት ጊዜ ወደ ትልልቆቹ ገበያዎች እንሂድ። በዚያ የሚታየው ጠባይ በእኛም ቤት ይታያልና።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 ሌማን ብራዘርስ የተባለው የአሜሪካ ባንክ ሲወድቅ ዓለም ደነገጠ። የ500 ታላላቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን የሚለካው መለኪያ ከጥቅምት 2007 እስከ መጋቢት 2009 ባለው ጊዜ 57 በመቶ ወረደ። 100 ዶላር የነበረው 43 ዶላር ሆነ ማለት ነው። 43 የሆነው ተመልሶ 100 እንዲሆን ደግሞ ከእጥፍ በላይ ማደግ ይኖርበታል። መለኪያው ወደ ቀድሞ ቦታው የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

በኮሮና ጊዜ ያው መለኪያ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ 34 በመቶ ወደቀ። ነገር ግን በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የጠፋውን ሁሉ መለሰ። በጃፓን የሆነው ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። የቶኪዮ ገበያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1989 የደረሰበትን ከፍታ መልሶ ያየው በየካቲት 2024 ነው። አንዱ ውድቀት በአምስት ወር ተጠገነ፣ ሌላው 34 ዓመት ፈጀ። ውድቀቱ በደረሰበት ቀን ግን የትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም ነበር። «ገበያ ሁልጊዜ ይመለሳል» የሚል ሰው ሲገጥመን ልንጠይቀው የሚገባው «እስከዚያ ድረስ ምን እንበላለን?» የሚለውን ነው።

ሁለተኛው የቀውስ ጠባይ የተለያዩ የሚመስሉ ነገሮች አብረው መውደቃቸው ነው። በደኅናው ጊዜ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል፣ ሰውም «ሀብቴን ከፋፍያለሁ» ብሎ ይተኛል። በቀውስ ጊዜ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋል። ስለዚህ ሰው መሸጥ የሚፈልገውን ሳይሆን መሸጥ የሚችለውን ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ሰዎች በክፉ ቀን መጠጊያ ነው የሚሉትን ወርቅ እንኳ እየሸጡ ገንዘብ ሰበሰቡ፤ የወርቅ ዋጋም ለጥቂት ቀናት አብሮ ወረደ። ከወራት በኋላ ግን የአንድ አውንስ ዋጋ ከ2,000 ዶላር አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በአሜሪካ አክሲዮን 19 በመቶ ያህል ሲወርድ፣ የሽማግሌዎችና የጥንቁቆች ማስቀመጫ የሚባለው ቦንድም 13 በመቶ ያህል ወረደ።

ሦስተኛው ጠባይ ከሁሉ ይልቅ ሊያሳስበን ይገባል። በቀውስ ጊዜ እጅግ የሚጎዳው ሀብቱ የረከሰበት ሰው ሁሉ ሳይሆን በረከሰበት ሰዓት ለመሸጥ የተገደደው ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ነገር በግልጽ ያሳየናል። በዮሴፍ ዘመን ረሃቡ ሲጸና የግብፅ ሰዎች በመጀመሪያ ብራቸውን ለእህል ከፈሉ። ብሩ ሲያልቅ ከብቶቻቸውን ሰጡ። ከብቱ ሲያልቅ መሬታቸውንና ራሳቸውን አቀረቡ (ዘፍ. 47፥14-20)። ዛሬም በብዙ ቤት ቅደም ተከተሉ ያው ነው። መጀመሪያ የባንክ ደብተሩ ይራቆታል፣ ቀጥሎ ወርቁና ቴሌቪዥኑ ይሸጣሉ፣ በመጨረሻም ቦታው በግማሽ ዋጋ ይሄዳል። የገዛው ሰው ብልኅ ስለሆነ አይደለም፤ በዚያ ሰዓት ስንቅ ስለነበረው ነው።

አራት መስሎ የታየው አንድ ገቢ

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በሐዋሳ በታቦር ክፍለ ከተማ የሚኖሩ ባልና ሚስት በሐሳባችን እንሣል። ባል በኢንዱስትሪ ፓርኩ የአንድ መስመር ተቆጣጣሪ ነው። ሚስት በሰፈሩ ሱቅ አላት። በጓሮ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች ሠርተው ለፓርኩ ሠራተኞች ያከራያሉ። የሚስት ታናሽ እኅትም በዚያው ፓርክ ሠራተኛ ሆና በየወሩ ለቤቱ የምታዋጣው አለ። እነዚህ ባልና ሚስት «አራት ገቢ አለን፣ አንዱ ቢቀር ሦስቱ ያቆሙናል» ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? ትጉሃን ናቸው፣ አላባከኑም።

አሁን ግን በውጭ አገር ያለው ልብስ ገዢ ትእዛዙን ሰረዘ እንበል። የባል ደመወዝ ይቀንሳል። የእኅትየዋ መዋጮ ይቆማል። ተከራዮቹ ኪራይ መክፈል ስላልቻሉ ወደ ቤተሰቦቻቸው ይመለሳሉ፣ ክፍሎቹም ባዶ ይሆናሉ። ከሱቁ ሳሙናና ዘይት የሚገዙት እነዚያው ሠራተኞች ስለነበሩ የሱቁ ገበያ ይቀዘቅዛል። አራት የመሰለው ገቢ ለካ አንድ ነበር። አራቱም ውኃ የሚቀዱት ከአንድ ጉድጓድ ነው።

ይህ በትልቁ ገበያም የሚሆነው ነገር ነው። ሀብትን መከፋፈል ማለት ብዙ ነገር መያዝ ማለት አይደለም። የአምስት ባንኮች አክሲዮን የያዘ ሰው አምስት ወረቀት አለው እንጂ አምስት ዓይነት ሀብት የለውም፤ ባንኮችን የሚመታ ነገር ሲመጣ አምስቱንም ይመታልና። እውነተኛው ጥያቄ «ስንት ነገር አለን?» ሳይሆን «ይህኛው ሲወድቅ አብሮት የማይወድቀው የትኛው ነው?» የሚለው ነው።

መጽሐፈ መክብብ 11፥2 ያለንን ለሰባት፣ ለስምንትም ክፍል እንድናደርግ ይመክራል፤ በምድር ላይ ምን ክፉ ነገር እንደሚመጣ አናውቅምና። አንዳንዶች ይህን ስለ ልግስና፣ ሌሎች ደግሞ ሥራንና ሀብትን ስለ ማካፈል የተነገረ ነው ይላሉ። በሁለቱም መንገድ ብናነበው ምክንያቱ አንድ ነው፤ ነገን አለማወቃችን።

ከሲዳማ ጓሮ የምንማረው

ይህን ትምህርት ለመማር ኒው ዮርክ መሄድ አያስፈልገንም። ከሐዋሳ ወጣ ብሎ የአንድን የሲዳማ ገበሬ ጓሮ ማየት ይበቃል። ቤቱን ተጠግቶ እንሰት አለ። በእንሰቱ መካከል ወይም አጠገብ ቡና አለ። ወረድ ብሎ በቆሎ፣ በአጥሩ ዳር ፍራፍሬ፣ በበረቱ ጥቂት ከብት። ቡናው ገንዘብ ያመጣል፣ ዋጋው ግን በሩቅ አገር ሰዎች እጅ ነው። እንሰቱ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፣ ገንዘብም ብዙ አያመጣም። ነገር ግን ድርቅን ይችላል፤ በተፈለገ ጊዜ ተፍቆ ቆጮና ቡላ ይሆናል፤ በኒው ዮርክ የቡና ዋጋ ስለ ወረደ የእንሰቱ ፍሬ ነገር አይቀንስም። ከብቱ ወተትና ፍግ ይሰጣል፣ ፍጉም ለእንሰቱ ይመለሳል።

አባቶች ይህን ሲያደርጉ የትርፍ ስሌት ብቻ ቢሠሩ ኖሮ እንሰቱን ነቅለው ሁሉንም ቡና ባደረጉት ነበር። ያላደረጉት ክፉ ቀን ስለሚያውቁ ነው። በየቤታችን ያለውን ጥሪት ስንመለከት «የእኛ ቡና የትኛው ነው? እንሰታችንስ የትኛው ነው?» ብለን ብንጠይቅ ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ ይጠቅመናል።

ጓሮው ሌላም ትምህርት አለው። በዚያ በ2001ዱ የቡና ዋጋ ውድቀት በሐረርጌ፣ በሲዳማም በአንዳንድ ቦታ ቡናቸውን ነቅለው ጫት የተከሉ ገበሬዎች ነበሩ። ችግራቸውን ለሚያውቅ ሰው መፍረድ አይቻልም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2011 የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ ከ3 ዶላር ሲያልፍ፣ በ2025 መጀመሪያም ከ4 ዶላር ሲያልፍ፣ ቡናው በማሳው ላይ የነበረው ገበሬ ነው የተጠቀመው። የቡና ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል። ዋጋው ሲወጣ አይቶ የሚተክል ሰው በዚያው ዓመት አይለቅምም። በአክሲዮን ገበያም በድንጋጤ የሚሸጥና በጩኸት የሚገዛ ሰው የሚደርስበት ይኸው ነው። ያን ክፉ ዘመን ቡናቸውን ሳይነቅሉ ካለፉት ብዙዎቹን ያሳለፋቸው ግን ብርታት ብቻ አልነበረም፣ በጓሮ እንሰት ነበራቸው።

«የማይከዳ ሀብት» አለ ወይ?

በማኅበራችን «መሬትና ቤት አይከዳም» የሚል አነጋገር አለ። ሌላው «ገንዘብ በባንክ ነው የሚያምረው» ይላል። ሦስተኛው «ወርቅ ግዛ»፣ አራተኛው «ዶላር ያዝ» ይላል። ሁሉም ከራሱ ዘመን የተማረውን ነው የሚናገረው።

የ1967 ዓ.ም. ትውልድን ግን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1973 የዓለም የነዳጅ ዋጋ በድንገት ሲንር በአዲስ አበባ ቤንዚን ተወደደ፣ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። ከሌሎች ከባድ ምክንያቶች ጋር ተዳምሮ አብዮት ሆነ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ባንኮችና ኢንሹራንሶች፣ በየካቲት የገጠር መሬት፣ በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች ተወረሱ። በአዲስ አበባ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይካሄድ የነበረው አነስተኛ የአክሲዮን ግብይትም አበቃ። በአንድ ዓመት ውስጥ አክሲዮን ያለውም፣ መሬት ያለውም፣ የሚከራይ ቤት ያለውም ባዶ እጁን ቀረ።

በባንክ ያስቀመጠስ? በ2000 ዓ.ም. የባንክ የቁጠባ ወለድ 4 በመቶ አካባቢ ነበር። 100 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 104 ብር አገኘ። ቀድሞ በ100 ብር የሚገዛው ዕቃ ግን 164 ብር ሆኗል። ስለዚህ ያ 104 ብር የሚገዛው ባለፈው ዓመት 63 ብር ይገዛው የነበረውን ነው። ቁጥሩ ጨመረ፣ ዳቦው ቀነሰ። ለመንግሥት ማበደርም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይደለም። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2014 በቦንድ ከዓለም ገበያ 1 ቢሊዮን ዶላር ተበድራ ነበር፤ በታኅሣሥ 2023 መክፈል የነበረባትን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች።

ይህን የምንጽፈው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። እያንዳንዱ ሀብት የራሱ ክፉ ቀን እንዳለው ካወቅን በአንዱ ላይ ልባችንን አንጥልም። ጌታ በምድር ላይ ስለሚከማች መዝገብ፣ ስለ ብልና ስለ ሌባ የተናገረው (ማቴ. 6፥19) ለባንክም፣ ለቤትም፣ ለአክሲዮንም ይሠራል።

አዲሱ ገበያና አዲሱ ፈተና

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተከፍቷል፤ በመጀመሪያ የተመዘገበውም ኩባንያ ወጋገን ባንክ ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 2017 ዓ.ም.፣ ኢትዮ ቴሌኮም የአንዱን አክሲዮን ዋጋ 300 ብር አድርጎ ለሕዝብ አቅርቦ ነበር፤ ትንሹ ግዢም 33 አክሲዮን ነበር። በዚህ ምክንያት ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ «እንግዛ ወይስ አንግዛ?» የሚል ጥያቄ ይሰማል።

አክሲዮን መግዛት በራሱ ቁማር አይደለም። የአንድ ሥራ ባለድርሻ መሆን ነው፤ ሥራው ሲያተርፍ የትርፍ ድርሻ ይገኛል፣ ሲከስር ደግሞ ኪሳራውን መካፈል አለ። ቀድሞ የባንክ አክሲዮን ያለው ሰው ዋጋው በየቀኑ ሲወጣና ሲወርድ አያይም ነበር፣ ስለዚህ የማይወርድ መስሎት ይኖር ነበር። ዋጋው በገበያ የሚታይ አክሲዮን ግን በክፉ ቀን ወርዶ ይታያል። ያን ጊዜ የሚደነግጥ ሰው፣ ወይም የልጁን ክፍያ ከዚያ ሊያወጣ ያሰበ ሰው፣ ከሁሉ ይልቅ ይጎዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለን። የኑሮ ውድነት ሲበረታና ሰው ሲጨነቅ «ገንዘብህን ስጠኝ፣ በሦስት ወር እጥፍ አደርገዋለሁ» የሚሉ ይበዛሉ። አንዳንዶቹም በእምነት ወንድምነት ስም ይመጣሉ። ከታላላቆቹ ገበያዎች አንዱም እንዲህ ያለ ተስፋ አይሰጥም። በኢትዮጵያ አክሲዮን የሚያገበያይ ሰው ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ፈቃዱን ማየት ወንድምን መጠራጠር አይደለም።

ባለትዳሮች ምን ያድርጉ?

በመጀመሪያ፣ ያላችሁን ሁሉ አብራችሁ ጻፉት። አንድ ደብተር ውሰዱና በሦስት ረድፍ ክፈሉት። በመጀመሪያው ያለንን ነገር፣ በሁለተኛው ያ ነገር የሚኖረውና የሚወድቀው በምን እንደሆነ፣ በሦስተኛው ደግሞ ወደ ገንዘብ ለመለወጥ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጻፉ። ዕዳችሁንም አትርሱ። በሁለተኛው ረድፍ አንድ ቃል፣ ለምሳሌ «ፓርኩ» ወይም «ቡና» ወይም «አሜሪካ ያለው ወንድማችን» የሚለው ደጋግሞ ከመጣ፣ የቤታችሁን ድካም አገኛችሁት።

ሁለተኛ፣ ከሁሉ በፊት ስንቅ ያዙ። የቤቱ ወጪ በወር 20 ሺህ ብር ከሆነ ቢያንስ የሦስት ወር፣ ማለትም 60 ሺህ ብር፣ በቀላሉ በሚወጣበት ቦታ ይቀመጥ። የዋጋ ንረት ጥቂት ጥቂት ይበላዋል፣ ይህ እውነት ነው። ያ ግን ቦታችሁን በግማሽ ዋጋ ላለመሸጥ የምትከፍሉት ዋጋ ነው። በአንድ ጊዜ ካልተቻለ በዕቁብም ሆነ በቁጠባና ብድር ማኅበር ቀስ በቀስ ይሞላል። ዮሴፍም በጥጋቡ ዘመን ያስቀመጠው ከአምስት አንዱን እንጂ ሁሉን አልነበረም (ዘፍ. 41፥34)።

ሦስተኛ፣ በብድር አክሲዮን አትግዙ። አክሲዮኑ ሲወርድ ዕዳው አብሮ አይወርድም። በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ የምትፈልጉትን ገንዘብም በአክሲዮን ላይ አታውሉት።

አራተኛ፣ አዲስ ነገር ስትጨምሩ ከደመወዛችሁ ጋር የማይወድቀውን ምረጡ። ባል በባንክ የሚሠራ ከሆነ የቤተሰቡ ቁጠባ በሙሉ የዚያው ባንክ አክሲዮን መሆን የለበትም። ያች የታቦሯ ቤተሰብ ከሦስቱ ክፍሎች አንዱን ለመምህር ወይም ለመንግሥት ሠራተኛ ብታከራይ፣ ሱቋም ለተማሪዎች የሚሆን ዕቃ ብትጨምር ትልቅ ለውጥ ነው።

አምስተኛ፣ አንዳችሁ ከሌላችሁ ሰውራችሁ ምንም አታድርጉ። በቀውስ ጊዜ ትዳርን የሚያናጋው የገንዘብ ማነስ ብቻ አይደለም። ሚስት የማታውቀው ብድር፣ ባል የማያውቀው ዕቁብ፣ በአንዱ ስም ብቻ ተገዝቶ የተደበቀ አክሲዮን በክፉ ቀን ይገለጣል። ያን ጊዜ ጭቅጭቁ ስለ ገንዘቡ መሆኑ ቀርቶ ስለ መተማመን ይሆናል። ለመሸጥና ለመግዛት ሁለታችሁም ካልተስማማችሁ ቆዩ። በድንጋጤ ቀን ማንም ብቻውን እንዳይሸጥ ከወዲሁ ተስማሙ።

ስድስተኛ፣ ከሌሎች ጋር ተሳሰሩ። ዕድር፣ ጎረቤት፣ ቤተ ዘመድና የቤት ለቤት ኅብረት በማንኛውም ገበያ ዋጋቸው አይጻፍም። በኮሮና ጊዜ ሥራ አጥተው በኪራይ ቤት የቀሩ ወጣት ሴቶች በየሰፈራችን ነበሩ። ለጥቂት ወራት ኪራይ የተወ አከራይ፣ ሽሮ ይዞ የሄደ ጎረቤት ለእነርሱ ስንቅ ሆነላቸው። ነገ የእኛ ተራ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ሆናችሁ የምትወያዩባቸው ጥያቄዎች

ከዋናው ገቢያችን አንዱ ነገ ቢቆም ሌሎቹ ውስጥ አብረውት የሚቆሙት የትኞቹ ናቸው?

ምንም ሳንሸጥና ሳንበደር ስንት ወር መኖር እንችላለን?

ዋጋው በግማሽ ቢወርድ እንኳ ለአምስት ዓመት ሳንነካው ልንቆይ የምንችለው ገንዘብ ስንት ነው?

አንዳችን የምናውቀው፣ ሌላችን ግን የማናውቀው ሀብት ወይም ዕዳ አለ?

በሰፈራችን ወይም በኅብረታችን ዛሬ በችግር ምክንያት ያለውን ሊሸጥ የተገደደ ቤተሰብ አለ? ምን ልናደርግለት እንችላለን?

ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ደብተሩን አውጡና ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀምሩ። ጌታ ምክራችሁን ይባርክ።